ሞተር የሚጠብቀው ተራ

ከወደቡ ሰፈር ከኬማሪ፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ወጥቼ፣ አውቶቡስ አምልጦኝ፣ በወደቡ መንገድ ዳር እግሬን ስጎትት፣ "መምህር! ይግቡ እንጂ፤ ካራቺን በእግርዎ ሊጨርሷት ነው?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዛርዋሊ ካን ነበሩ፤ ቤታችን በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ጎረቤቴ፣ ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና የፈጁ ሾፌር።

ወጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ወደ ወደቡ በር የሚወስደው ሰልፍ ጫፉ አይታይም። መኪናው ሁሉ ቆሟል፤ ሞተሩ ሁሉ ይጮኻል። ጭሱ ጉሮሮዬን ያዘኝ።

"እባክዎ ይህን ሞተር ያጥፉልኝ" አልኳቸው።

"ምን ነካዎት መምህር! እዚህ ሰልፍ ላይ ሞተሩ ዝም ያለ መኪና ሬሳ ነው። ተበላሽቷል ብለው አልፈውት ይሄዳሉ።"

እውነታቸውን ነው። እዚህ ሾፌሩ ቢተኛም ሞተሩ አይተኛም፤ ተራ የሚጠብቀው እሱ ነው። ከእንዲህ ያለ ልማድ ጋር መከራከር ታክቶኛል።

ወዲያው የወንድማቸው ልጅ ሚርዌይስ መጣ። ትምህርቱን ጨርሶ ወደቡ በር ላይ የተቀጠረ ወጣት ነው፤ የተራ ቁጥር ያድላል።

"አጎቴ፣ ቁጥርዎን ይያዙ። ሲጠራ ብቻ ያስነሱ፤ ማንም አያልፍዎትም።"

"ብጣሽ ወረቀት ነው የሚያስከብረኝ? ደግሞስ ያንን አታየውም?" ጭነት ወደሚያራግፍ መርከብ ጠቆሙ፤ ጥቁር ጭስ ይተፋል። "ሰፈር የሚያህለው እያጨሰ እኔን አጥፋ ትለኛለህ? ወንድ ከሆንክ ካፒቴኑን በለው!"

"ብለነዋል። አዲሱ መቆሚያ ላይ የመብራት ገመድ ተዘርግቷል፤ እዚያ የሚቆም መርከብ ከየብስ መብራት ወስዶ ሞተሩን ያጠፋል። ለሌሎቹ መቆሚያዎች ገና እየለመንን ነው። ደከመኝ እኮ አጎቴ! ካፒቴኑን ስለምነው እናንተን ያሳየኛል፤ እናንተን ስለምናችሁ መርከቡን ታሳዩኛላችሁ።"

ዛርዋሊ ካን ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳል ሆነ።

"አክስቴስ እንዴት አደሩ?" አለ ሚርዌይስ ቀስ ብሎ።

"ቁጭ ብላ።" ፊታቸውን አዞሩ። ባለቤታቸው ፓልዋሻ ደረታቸው ታሞ፣ ሐኪሙ ከጭስ ይራቁ ካላቸው ወዲህ መስኮት ዘግተው ነው የሚውሉት።

"ይቆጡኝ እንጂ እናገራለሁ። ቤት ሲገቡ መኪናው ደጃፍ ላይ እየጮኸ ይቆማል፤ ጭሱ በበሩ ሥር ይገባል። የመርከቡን ካፒቴኑ ያጥፋው። የአክስቴን በር የሚያፍነውን ከእርስዎ ሌላ ማን ያጠፋዋል?"

ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ቁልፉን አዙረው ሞተሩን አጠፉት።

ወዲያው ከኋላ ያለው ሾፌር ጡሩምባውን እየነፋ ሊያልፈን ወጣ። ሚርዌይስ ፊቱ ተገትሮ፣ "ተራው የእሳቸው ነው! ቁጥር ይዘዋል!" አለው። ሰውየው ተሳድቦ ወደ ቦታው ተመለሰ። ቁጥሩ ሲጠራም ከእሱ ቀድመን ገባን።

"ይሠራል ለካ" አሉ ዛርዋሊ ካን፣ እንደ መቆጣት ብለው።

በአንድ ሞተር መጥፋት የካራቺ ሰማይ እንደማይጠራ አላጣሁትም። ነገር ግን ሰልፉ ሁሉ ቢያጠፋ ናፍጣው ይተርፋል፣ ሾፌሩም ጥቀርሻ ሳይውጥ ያሸልባል፤ መርከቦቹም ገመዱን ሲይዙ የኬማሪ ሰው ያጠበውን ልብስ ደጅ ላይ ያሰጣል። ይህ ብዙ ነው እንዴ?

አመሻሹ ላይ መኪናው ደጃፋችን ደርሶ ዝም አለ። የፓልዋሻ መስኮት ተከፈተ።

"ምነው? ተበላሸ?"

"ኧረ ደህና ነው። አጠፋሁት።"

"አጠፋኸው?" ፓልዋሻ በመስኮቱ ብቅ አሉ። "ሁልጊዜ ሲጮህ፣ ልትሄድ የቸኮልክ ይመስለኝ ነበር። በል ግባና ጫማህን አውልቅ፤ ሻይ ልጣድ።"