በፈርሂያ አሕመድኑር እጆች ላይ ስለታየው የሙሽራ ሂና የተሰጠ ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ዘሊካ ሃሩን
ዕድሜ፦ 36
ሥራ፦ የሴቶች የውበት ሳሎን ባለቤት
አድራሻ፦ ደቡብ ወሎ ዞን፣ ቦረና ወረዳ፣ መካነ ሰላም ከተማ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ ጥር 21 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 9 ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ ሳጅን ብዙነህ ገበየሁ

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ የሚኒባስ ረዳት የሆነው ሙሐሲን ጀብሪል ፈርሂያ አሕመድኑርን አታሎ በድብቅ አግብቷል በሚል ስለቀረበበት አቤቱታ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ሙሐሲን የፈርሂያ ባል አይደለም። ፈርሂያም የማንም ሚስት አይደለችም። እጇ ላይ ያለው የሙሽራ ሂና መሆኑ እውነት ነው፤ የተቀባችው ግን በእኔ ሳሎን፣ በእኔ ትእዛዝ፣ ለልምምድ ነው።

ጂዳ በሰው ቤት ስሠራ ኖሬ፣ መጨረሻ ላይ በአንድ የሴቶች ሳሎን ተቀጥሬ ሙያውን ከተማርኩ በኋላ በ1998 ዓ.ም. ወደ አገሬ ተመልሻለሁ። አስረኛ ክፍል ጨርሰው ውጤት ያልመጣላቸው ልጆች ደላላ ፍለጋ ደሴ ሲመላለሱ ሳይ አንጀቴ ስለሚቃጠል፣ ባለፈው መስከረም ትምህርት ቤቱን አስፈቅጄ ካስክና ቢጉዲን ተሸክሜ በመሄድ በተማሪዎቹ ፊት የአንዲት መምህርትን ጸጉር ሠርቻለሁ። ገሚሶቹ ሳቁብኝ። አንዷማ ጸጉር መሥራት ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል ብላ ጠየቀችኝ። እኔም እዚሁ አገራችሁ ላይ፣ በገዛ ቋንቋችሁ፣ በራችሁን የሚቆልፍባችሁ እመቤት ሳይኖር የምትሠሩት ሥራ ነው ብዬ መለስኩላት። በማግስቱ አራት ልጆች ሳሎኔ መጡ። ፈርሂያ አንዷ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ አባቷ ዘንድ በእንጨት ሉህ ላይ ቁርኣን እየጻፈች ስላደገች እጇ አይንቀጠቀጥም፤ ከሁሉም ፈጥና ሂና መሳል የቻለችው እሷ ነች።

አባቷ ሼህ አሕመድኑር መሐሙድ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሰፈራቸው ቁርኣን የሚያቀሩ የተከበሩ ሰው ናቸው። ራሴ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ነው ያስፈቀድኳቸው። ሳሎኑ ወንድ ይገባበታል ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ወንድ ትንኝም አላስገባ ብዬ አስቄአቸዋለሁ። ከመግሪብ በፊት ቤቷ እንድትገባ ተስማምተን ፈቀዱ።

በመጪው ሳምንት ወደ ደጎሎ ለሰርግ ሙሽራ እንዳስውብ ስለተጠራሁ፣ ከልጆቹ አንዷን ይዤ ለመሄድ አስቤ ቅዳሜ ጥር 16 ቀን ፈተና አደረግሁ። በእኛ አገር ልጃገረድ ለዒድ መዳፏን ትቀባ ይሆናል እንጂ እስከ ክርኗ በአበባ የተሳለ ሂና የሚወጣላት ሙሽራ ብቻ ነች። ፈተናውም ይኸው የሙሽራው ነበር። የፈርሂያን ግራ እጅ ራሷ ፈርሂያ ሳለችው። ቀኝ እጇን ደግሞ ሌላዋ ሠልጣኝ ሩፋይዳ ከማሉዲን ሳለችላት። ሂናው ሳይደርቅ የፈርሂያ ሰዓት ደረሰ፤ ሁለቱን እጆቿን ውስጡ በሚታይ ላስቲክ ጠቅልዬላት ሄደች። በኋላ እንደሰማሁት፣ ዕለቱ የገበያ ቀን ስለነበር የተሳፈረችበት ሚኒባስ በሰው ተጨናንቆ ነበር። ስትወርድ ዘንቢሏን መያዝ ስላቃታት ረዳቱ ሙሐሲን አዝኖላት እስከ ደጃፏ አድርሶላታል። ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሁሉ ያየው እንግዲህ የሙሽራ ሂና ያላትን ልጅና ዕቃ የተሸከመላትን ጎረምሳ ነው። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላል፤ ያን ዕለት ግን ሐሳብ የጨመረበት ሰው አልተገኘም።

ፈርሂያ ለአባቷ ልምምድ ነው ብላ ተናግራለች። ያለ ኒካህ የሙሽራ ሂና ከየት መጣ ብለው አላመኗትም። ሰኞ አቤቱታ ቀርቦ ሙሐሲን ተያዘ። የሰፈሩ ሽማግሌዎችም ነገሩ ከፍርድ ቤት ሳይደርስ ይሸፈን፣ ነገ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በሕጉ መሠረት ኒካህ ይታሰር ብለው ወሰኑ። የልጁ ቤተሰቦችም ከእስር ይሻላል ብለው ተስማሙ። በግ ተገዛ። እኔ ይህን ሁሉ አላወቅሁም። ፈርሂያ ከሥራ ስትቀር ደላላ ወሰዳት ብዬ እህል ከአፌ አልገባም፤ መንገዱን ስለማውቀው ነው። እውነቱን የነገረችኝ ትላንት ረቡዕ ከዘመዶቿ ሰምታ የመጣችው ሩፋይዳ ናት። ወዲያው ወደ ሼህ አሕመድኑር ሄድኩ፤ ለራስሽ ሙያ ነው የምትመሰክሪው ብለው መለሱኝ። ከነገሩ ጦም እደሩ ብዬ ልተወው አስቤ ነበር፤ ልጅቷ ለማታውቀው ሰው ልትዳር መሆኗ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ዛሬ ጠዋት እዚህ ፖሊስ ጣቢያ መጥቼ ሳጅን ብዙነህ በፊቴ ሲጠይቁት፣ ሙሐሲን የሼሁ ልጅ ከማለት በቀር ስሟን እንኳ መናገር አቃተው።

ሳጅኑ በጠየቅሁት መሠረት ፈርሂያን ከእናትና ከአባቷ ጋር ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ አስጠሩልኝ። ሁለቱን እጆቿን ጎን ለጎን ዘርግታ እንድታሳይ አደረግሁ። ግራው ላይ ሐረጉ ከአንጓዋ ተነስቶ ሳይቋረጥ ክርኗ ይደርሳል። ቀኙ ላይ ግን አበባው ጎመን ይመስላል፤ ሩፋይዳ ገና ጀማሪ ነች። የትኛዋ ሙሽራ ናት በአንድ እጇ አምራ በሌላው ተበላሽታ ባሏ ቤት የምትገባው? ደግሞስ የትኛዋ ሙሽራ ናት ሚዜ ሳታጣ ሂናዋን ራሷ የምትስል? ብዬ ጠየቅሁ። ሼህ አሕመድኑር ግራውን ራሷ መሳሏን በምን አውቃለሁ አሉ። ሳጅኑ እንግዲያው በፊታችን ትሳል አሉ።

ሂናው ከእኔ ጋር ነበር፤ የምትስልበት እጅ ግን ጠፋ። እናቷ ወ/ሮ ሱሀይላ እስከዚያች ሰዓት አንድም ቃል አልተናገሩም ነበር። ተነስተው እጅጌያቸውን ሰብስበው ቀኝ እጃቸውን ለልጃቸው ዘረጉ። ከሠርጋቸው ወዲህ ሂና ነክቷቸው እንደማያውቅ በኋላ ነግረውኛል። ፈርሂያ በመጀመሪያ እያለቀሰች ጀመረች፤ ሐረጉ ሲወጣ ለቅሶዋን ረሳችው። ያው ሐረግ፣ ያው አበባ፣ ከአንጓ እስከ ክርን። አባቷ ጎንበስ ብለው የእናቲቱን ቀኝ ከልጃቸው ግራ እጅ ጋር ሲያስተያዩ ቆዩና “ፈርሂያ፣ እውነቱን ነግረሽኝ ነበር። አልሰማሁሽም፣ አፉ በይኝ” አሏት። በዚያች ሰዓት እኔም አለቀስኩ።

ሼህ አሕመድኑር አቤቱታቸውን እዚያው አንስተዋል። ሙሐሲን መለቀቁ ሲነገረው አልሐምዱሊላህ ብሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ቀጥሎም ፈርሂያን አይቶ ደንገጥ ብሎ “አንቺን ጠልቼ እንዳይመስልሽ” አላት። ከቅዳሜ ወዲህ የሳቀችው ያን ጊዜ ነው። በጉን በተመለከተ ሼሁ እንደተናገሩት፣ ዓርብ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ፣ በጉም ይታረዳል፤ ኒካህ ግን የለም። ልጃቸው ንጹሕ መሆኗን በዱዓው መሐል ራሳቸው ቆመው ይናገራሉ። ፈርሂያ ወደ ደጎሎ ከእኔ ጋር እንድትሄድም ፈቅደዋል።

ሁላችን ልንነሳ ስንል ወ/ሮ ሱሀይላ አልተነሱም። ባለቤታቸው እንሂድ ሲሏቸው፣ ልጃቸውን እያዩ “ቆይ፣ ግራዬ ቀርቷል” አሉ።

ከላይ የተጻፈው ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ። ያላየሁትንና ያልሰማሁትን አልጨመርኩም፣ ያየሁትን አላስቀረሁም፤ የትም ብጠራ ይህንኑ እደግመዋለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ዘሊካ ሃሩን (ተፈርሟል)
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ሳጅን ብዙነህ ገበየሁ (ተፈርሟል)
ታዛቢ፦ ሼህ አሕመድኑር መሐሙድ (ተፈርሟል)
ታዛቢ፦ ወ/ሮ ሱሀይላ፣ በጣት አሻራ (ሁለቱም እጆቻቸው ሂና የተቀቡ በመሆናቸው እስኪደርቅ እየተጠበቀ ነው)