የፊት አጣቢዋ የመጀመሪያ ደንበኛ

ከጅማ ወደ አጋሮ በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናትና አንዲት ወጣት ገና መተዋወቃቸው ነበር።

«ልጄ፣ ይህ ሁሉ ሣጥን ምንድን ነው?»

«የሥራ ዕቃ ነው እማማ። ነገ አጋሮ ላይ የፊት ቆዳ እንክብካቤ ቤት እከፍታለሁ። ማዲያት፣ ብጉር፣ ጠባሳ...»

«ሐኪም ነሽ?»

«አይደለሁም፤ ምላጭ አልነካም። ግን ተምሬ፣ ተፈትኜ፣ ፈቃድ አውጥቻለሁ። አልሐምዱሊላህ!»

«እናትሽ ምን አለች?»

«‹ይህን ሁሉ ተምረሽ ፊት አጣቢ? አንድ ሰው እንኳ አይመጣልሽም› አለችኝ።»

«እውነቷን ነው። እግዜር የሠራውን ፊት ምን አስነካካችሁ?»

«አንገትዎ ላይ ያለውን ንቅሳትስ እግዜር ነው የሠራው?»

ሾፌሩ ሳይቀር ሳቀ።

«ውይ! እሱንማ አራት ሴቶች ይዘውኝ ነው የተነቀስኩት። ላምር ብዬ!»

«አዩ? ማሎ፣ እባክዎ እማማ፣ የእኔም ሥራ እኮ ያው ነው፤ ያዥ አያስፈልገውም እንጂ።»

«ንቅሳትም ታጠፊያለሽ?»

«በብርሃን የሚሠራ ማሽን አለኝ። ላጥፋልዎት?»

«ኧረ ሞቼ ነው ቆሜ! አምሮብኝ የለም እንዴ?»

«ወላሂ አምሮብዎታል።»

«እንግዲያው ስሚኝ። ምራቴ ከወለደች ወዲህ ማዲያት ወጥቶባት መስታወት ሸሽታለች። ነገ በጠዋት ይዣት እመጣለሁ።»

«የምርዎን ነው?»

«ለእናትሽ ደውዪና ‹አንድ ሰው ተገኘ› በያት። ቆይ፣ ሁለት በያት! እኔም እታጠባለሁ።»

ልጅቷ እዚያው ታክሲው ውስጥ እልልታዋን አቀለጠችው።

እኔም ነጠላዬን ከግንባሬ ገለጥ አድርጌ፣ በልጅነቴ አገሬ ጎንደር ሳለሁ የተነቀስኳትን መስቀል በመስኮቱ መስታወት አየኋት፤ ለካ አምራብኛለች።