ምን ጎደለ?

ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው አውቶቡስ፣ ከፊቴ ሮብ ገበያ ከምትባለው የደጋ ከተማ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬና እዚያው የተመደበ ወጣት የእርሻ ባለሙያ ተቀምጠው ነበር።

“የያዝከው ምን ወረቀት ነው ልጄ?” አሉ ሽማግሌው።

“የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ነው የላከው፣ አባቴ። ለሚመጡት ተማሪዎች እንዲያሻሽል፣ ከትምህርታችሁ ምን ጎደለ ብሎ ተመራቂዎቹን ይጠይቃል።”

“ምን ብለህ መለስክ?”

“ምንም አልጎደለም ብዬ።”

“የእኔ ጎተራ ጎድሎ የለም እንዴ? ዝራ ባልከኝ ወር ዘርቼ ገብሴን ውርጭ መታው።”

“የደጋ ገብስ አላስተማሩንም።”

“እሱን ጻፍላቸዋ።”

“ከጃንሆይ እጅ ዲግሪ ተቀብዬ አላውቅም ልበል? አፍራለሁ።”

“እኔን ሳታፍር እነሱን ታፍራለህ? የሚመጣውስ ልጅ እንዳንተው ሆኖ ይምጣብን?”

እኔም ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ተልኮልኝ እንደሱው ‘ምንም አልጎደለም’ ብዬ የሞላሁትን ቅጽ በዳዊቴ መሐል አጥፌ ይዤ ነበርና፣ ዓባይን እስክንሻገር ድረስ ዳዊቴን ልከፍት አልደፈርኩም።