ቸብ፣ ቸብ፣ ወጋ

እኛ በተማርንበት ጊዜ፣ ልጆች፣ ምን መማር ትፈልጋለህ ብሎ የሚጠይቅህ አልነበረም። ደርግ ነው። እኔ ምህንድስና ብዬ ሞላሁ፣ ነርስነት ደረሰኝ። ታዲያ እኔ መርፌ ሳይ ጉልበቴ የሚከዳኝ ሰው ነኝ! አትሳቁ እንጂ፣ ምን ያስቃችኋል? ብርቱካን ላይ ስንለማመድ ከክፍሉ እኔን የሚያህል አልነበረም፤ ብርቱካን አይጮህማ፣ ብርቱካን ዘወር ብሎ አያይህማ። ሰው ላይ ሲሆን ግን፣ አለቀልኝ።

እና ለተግባር ልምምድ ላፍቶ አጠገብ ወዳለች አንዲት ጤና ጣቢያ ተመደብን። ያኔ ላፍቶ እንዲህ ሕንፃ በሕንፃ እንዳይመስላችሁ፤ እርሻ ነው፣ ጤፍና ሽምብራ ነው፣ ከጎፋ ተነሥተን ጭቃውን እያቦካን በእግር ነው የምንሄደው። ኃላፊያችን ሲስተር አስካለ የሚባሉ ቁጡ ሴት ናቸው፣ ጠሩኝ።

«ደምሴ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰው ካልወጋህ ትባረራለህ። ስትባረር ደግሞ የት እንደምትሄድ ታውቃለህ።»

አውቃለሁ። ብሔራዊ ውትድርና ነው። እዚያ ደግሞ የሚዋጉት በመርፌ አይደለም።

ታዲያ የመጀመሪያው ታካሚዬ ኦቦ ቱሉ ሆኑ። የሰፈሩ ገበሬ ናቸው፣ እንደ ዋርካ የገዘፉ ሰውዬ፤ እግራቸውን መጥረቢያ ስቷቸው ቆርጧቸው፣ ቁስሉ አመርቅዞ ፔኒሲሊን ታዞላቸዋል፣ በየቀኑ አንድ መርፌ፣ ለዐሥር ቀን። ያኔ መርፌ እንደ ዛሬው አንድ ጊዜ ተወግቶበት አይጣልም፤ ይቀቀላል፣ ይወጋበታል፣ ደግሞ ይቀቀላል፣ ጫፉ እስኪደነዝ። እና ሱሪያቸውን ዝቅ አድርገው ዞሩልኝ፣ እኔም መርፌውን አነሣሁና ተጠጋሁ።

አንገታቸውን መለስ አድርገው አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ነው እንዴ የምትወጋኝ?»

ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው ጣሪያውን ነው። ስነቃ አልጋው ላይ የተኛሁት እኔ፣ በአንድ እጃቸው ሱሪያቸውን ይዘው በሌላው በባርኔጣቸው የሚያራግቡልኝ ኦቦ ቱሉ! አንዲት ሴትዮ በሩን ከፈት አድርጋ አየችንና፣ «ምነው፣ ታማሚው የቱ ነው?» አለች።

መርፌውን የክፍል አለቃችን ጨረሰው። ስሙን አልጠራም። ሞቷል። ነፍስ ይማር፣ እንግዲህ ከተማረች። ሲወጋቸው የጮሁት ጩኸት ጎፋ ሳይሰማ አልቀረም።

በማግሥቱ መጡና፣ «ያ የወደቀው ልጅ ይውጋኝ» አሉ።

«እሱ እኮ ይፈራል፣ ኦቦ ቱሉ» አለ አለቃው።

«ይፍራ! የሚፈራ ሰው ይጠነቀቃል። አንተ እንደ ማረሻ ነው የምትሰካው!» እና ወደ እኔ ዞሩ። «በሬ ሲከተብ አይተህ ታውቃለህ?»

«ኧረ አላውቅም።»

«በሬ ዝም ብለህ ከወጋኸው ይራገጣል። መጀመሪያ በእጅህ ጀርባ ቸብ፣ ደግመህ ቸብ፣ በሦስተኛው መርፌው ይግባ። በሬው ሦስተኛውም እጅህ ይመስለዋል። በል፣ ምታኝ!»

«እንዴት ብዬ እርስዎን እመታለሁ?»

«ምታ እልሃለሁ! የእኔ ቆዳ ከበሬ ያንሳል?»

ቸብ። ቸብ። ወጋ! ዓይኔ ተከፍቶ፣ ልጆች! እጄ ሥራ ሲያገኝ ፍርሃቱ የሚገባበት ጠፋው።

«በል እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አሉኝ።

«ጨርሻለሁ።»

«ውሸታም!»

እና ወሬው ተሰማ። ታካሚው ሁሉ «ቸብ ቸብ የሚያደርገው ልጅ ጋ ነው» እያለ እኔ ጋ ተሰለፈ፣ የአለቃው ወንበር ባዶውን ቀረ። ታዲያ ዝም የሚል መሰላችሁ? በሳምንቱ ሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ነበረን፣ ብድግ አለና፣ «ጓዶች! ጓድ ደምሴ ጭቁኑን ገበሬ መቀመጫው ላይ ይመታል! ሰፊውን ሕዝብ ከበሬ እኩል አድርጎታል!» አይልም?

እኔ ላስረዳ ብል ማን ይስማኝ። ኦቦ ቱሉ ለምስክርነት ተጠሩ። ደስ አለኝ፣ አለቀ፣ ዳንኩ አልኩ። «ጓድ ደምሴ ይመታዎታል?» ተብለው ተጠየቁ።

«አዎ፣ ይመታኛል! ጥሩ አድርጎ ነው የሚመታኝ!»

ጸሐፊው «አዎ፣ ይመታኛል» ብሎ ጻፈና ብዕሩን አስቀመጠ። የቀረውን አልጻፈም። የቀረውን አልጻፈም እኮ ነው የምላችሁ! ማኅደሬ ውስጥ «ታካሚ ይመታል» የሚል ወረቀት ገባ። ኋላ የውጭ ትምህርት ዕድል ሲመጣ ያች ወረቀት ተመዘዘች፣ እኔ ቀረሁ፣ አለቃው ሄደ። እኔ በማታ ተምሬ ዲግሪዬን ይዣለሁ፣ ያ ሌላ ነገር ነው። ግን ፍርድ ነው ይሄ? ፍርድ ነው?

ያን ጊዜ ከመባረር ያተረፉኝ ሲስተር አስካለ ናቸው። «ዋናው መውጋቱ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ ግን ሳይመታ ይውጋ» አሉ። እና በማግሥቱ ለኦቦ ቱሉ የመጨረሻው መርፌ ነበር። ሲስተር ከጎኔ ቆመው ያያሉ። መርፌውን አነሣሁ፤ መምታት የለ፣ ቸብ ቸብ የለ፣ ያ የድሮው መንቀጥቀጥ ከጉልበቴ ተነሥቶ እጄ ደረሰ። ወየው፣ ዛሬ ነው የምወድቀው አልኩ።

«ምን ሆንክ? ለምን አትመታም?» አሉ ኦቦ ቱሉ።

«ተከልክያለሁ። ሰፊውን ሕዝብ መምታት አይቻልም ተብሏል።»

ኦቦ ቱሉ እጃቸውን ወደ ኋላ ላኩና የራሳቸውን መቀመጫ ቸብ! ደግመው ቸብ!

«ይኸው፣ ሕዝቡ ራሱን መታ። ውጋ!»

ወጋሁ። ሲስተር አስካለ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፣ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። የእኔ እጅ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ታዲያ ንገሩኝ እስቲ፣ ይህንንስ ማን ጽፎ ማኅደሬ ውስጥ አስገባልኝ?