«ደሓን» ያሉት ሰዎች

ባለፈው ሰኞ መቐለ፣ ዓይደር ሰፈር ላይ ዝናብ አባርሮኝ ከአንዲት ሻይ ቤት ገባሁ። ባዶ ወንበር የተገኘው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ብቻ ነበር፤ እዚያም የድሮ ጎረቤቴ አቶ ፍስሐ ከአንዲት ወጣት ጋር ላፕቶፕ ከፍተው ይከራከራሉ።

«መምህር! እንኳን መጡ፤ በሉ ዳኙን» አሉኝ። የማስተማር ጣጣው ይኸው ነው፤ ያልገባህን ሁሉ ዳኘው ትባላለህ።

ወጣቷ ኤልሻዳይ ትባላለች፤ ከደብረ ብርሃን መጥታ በመቐለ ዩኒቨርሲቲ እንዳ ኢየሱስ ግቢ ተምራ እዚሁ ሥራ የያዘች ናት። የሚሠሩት የትኛው መድኃኒት በየትኛው ፋርማሲ እንደሚገኝ በስልክ የሚያሳይ መተግበሪያ ነው። ምን ይጨመር፣ ምን ይቀነስ ብለው የሚወስኑት የምርቱ ኃላፊ አቶ ፍስሐ ናቸው። ታዲያ ተጠቃሚ ጠፋ። እስከ ዓርብ መላ ካልተገኘ ፋርማሲዎቹ ሊወጡ፣ መተግበሪያውም ሊዘጋ ነው።

«እኔ ሰው ፊት ለፊት ጠይቄ ነው የምሠራው» አሉ አቶ ፍስሐ። «ማሽን የሰው ልብ በምን ያውቃል?»

«ጋሽ ፍስሐ፣ እርስዎ በወር ቢበዛ ሠላሳ ሰው ይጠይቃሉ። እዚህ የዘጠኝ መቶ ሰው አስተያየት አለ። ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ በአንድ ደቂቃ አንብቦ፣ ከአሥሩ ስምንቱ ረክተዋል ብሏል።»

«ከረኩ ታዲያ የት ሄዱ?»

ልጅቷ አስተያየቶቹን መልሳ ከፈተች። እኔም ግራ ገባኝ፤ የረካ ሰው ጥሎ ይሄዳል እንዴ?

አቶ ፍስሐ ላፕቶፑን ወደ ራሳቸው አዙረው ጥቂት አነበቡና ሳቅ አፈናቸው። «ጓለይ፣ ልጄ፣ ይሄ እኮ ‹ደሓን› ነው የሚለው! ይሄም ‹ደሓን›፣ ያም ‹ደሓን›!»

«አዎ፤ ደኅና ነው ማለት አይደል?»

«እሱ በናንተ አማርኛ ነው! እኛ ጋ ምሳ ብላ ስትይው ‹ደሓን› ካለሽ፣ ይቅርብኝ ማለቱ ነው። ማሽንሽ እምቢታውን ምስጋና አድርጎ ቆጠረልሽ!»

መቐለ ስድስት ዓመት ኖሬ ይህን አለማወቄ አሳፈረኝ። ስንቱ እምቢ ሲለኝ ደስ ብሎኝ ተለያይተን ይሆን?

«ዝጊው» አሉ አቶ ፍስሐ። «ሰውን የሚያውቀው ሰው ነው።» ፍርዱን ለእሳቸው ልሰጥ አፌን ስከፍት ኤልሻዳይ ቀደመችኝ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቃሉን አላስተማርኩትም። ግን ሰዎቹ ይቅርብኝ ያሉት ምኑን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ዳታው ያውቃል። ስማቸውን አያሳይም፤ ጥለው የወጡበትን ገጽ ግን ያሳያል።» ጥቂት ነካካችና ፊቷ ተለወጠ። «ጋሼ፣ ሁሉም ለማለት ይቻላል፣ የወጡት ከቅጹ ላይ ነው።»

ቅጹ መድኃኒት ከመፈለግ በፊት የሚሞላ ነው፤ ስም ከነአያት፣ ዕድሜ፣ ቀበሌና የቤት ቁጥር ይጠይቃል። ይጨመር ያሉት ራሳቸው አቶ ፍስሐ ናቸው። አሁን ማን ልክ እንደሆነ ጭራሽ ጠፋኝ።

«ሰው ጠይቄያለሁ እኮ! ማንም አልነቀፈውም» አሉና ስልካቸውን አውጥተው እህታቸው ሙሉመቤት ጋ ደወሉ፤ እኛም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት። በትግርኛ ያወሩትን በአማርኛ ላስቀምጠው።

«የባለቤትሽን መድኃኒት በእኛ መተግበሪያ አገኘሽው አይደል?»

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ? የቤት ቁጥር ሲጠይቀኝ ፈርቼ ዘጋሁት። ከቀዳማይ ወያነ ሰፈር ጀምሬ ፋርማሲውን ሁሉ በእግሬ ዞርኩ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ እሱም ሁለት ቀን ያለ መድኃኒት አደረ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ የሠራኸውን ፊት ለፊት እንዴት እነቅፈዋለሁ?»

አቶ ፍስሐ ስልኩን ዘግተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። አሳዘኑኝ።

«ቅጹን አጥፊው» አሉ። «ሰው ፊቴን አይቶ ይራራልኛል፤ ለማሽን ግን አይራራም። ከእንግዲህ መጀመሪያ ያደረገውን ከዳታው እንይ፤ የተናገረውን እንዲረዳ ደግሞ ማሽኑን ቋንቋውን እኔ አስተምረዋለሁ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ዳታ የት እንደቆምን ያሳያል፤ ማሽኑ ሰው በወር የማይጨርሰውን በደቂቃ ያነባል፤ የቃሉን ትርጉም የሚያውቅ ሰው ከሌለ ግን ሁለቱም ያሳስታሉ። ሦስቱ ሲገጥሙ የታመመ ሰው በከንቱ አይዞርም። ይህን ላስረዳ ስል አቶ ፍስሐ ከኪሳቸው ማስታወሻ ደብተር አወጡና አንድ ገጽ ገልጠው አሳዩን። «ሙሉመቤት፦ ደሓን ብላለች፤ ረክታለች» ይላል፣ በራሳቸው እጅ ጽሑፍ።

«ማሽኑስ የተሳሳተው ቃሉን ስለማያውቅ ነው» አሉ። «እኔ ግን እያወቅሁት ነው።»