የትራፊ ሥልጠና

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ የሚሄደው ውይይት ታክሲ ሞልቷል። ፊት ለፊቴ ሁለት ጎረቤታሞች፣ አንዲት ወጣትና አንዲት ጠና ያሉ ሴት፣ ተቀምጠዋል። አጠገቤ ካኪ የለበሰ፣ ካድሬ የሚመስል ሰውዬ አለ።

«እትዬ አስካለ፣ የቀበሌው ሥልጠና እንዴት ሆነልዎት?» አለች ወጣቷ።

«ተይኝ እስቲ! በገዛ እጄ ያመጣሁት ጣጣ ነው። ሊቀመንበሩ ድንገት በእራት ሰዓት ቤቴ ከች አለ። ያለኝ ድርቆሽና የትናንት ሽሮ ትራፊ ነው። ሽንኩርትና በርበሬ ጣል አድርጌ ፈረፈርኩለት።»

«በላው?»

«ጣቱን ላሰ እንጂ! ‹ይሄንን ለሴቶች ማኅበር ማስተማር አለብዎት› ብሎኝ እርፍ።»

«አስተማሩ ታዲያ?»

«ምኑን? ሁሉም ሴት ከቤቷ የተረፈ ምግብ ይዛ ትምጣ ተባለ። ቅዳሜ ሁሉም ባዶ ሳህን ይዞ መጣ።»

«አንዷም አላመጣች?»

«ከየት ይተርፋል ልጄ? የኔንም ትራፊ እሱ በልቶታል!»

«እና ዝም ብላችሁ ተበተናችሁ?»

«ኧረ ቆይ! ልንነሳ ስንል የሊቀመንበሩ ሚስት ድስት አሸክማ ገባች። ስከፍተው ዶሮ ወጥ።»

«የተረፈ?»

«የተረፈ ነው አለች። ብቆጥረው አሥራ ሁለቱም ብልት አለ። እንቁላሉም አልተነካ።»

«ውይ! ምን አደረጉት?»

«ሥልጠናው ወዲያው አለቀ። ድስቱን ባዶውን መለስንላት።»

ካኪ የለበሰው ሰውዬ ስላልሳቀ፣ እኔም ሳቄን አፌ ውስጥ ይዤ ወረድኩና የጊዮርጊስ አጥር ጋ ስደርስ ለቀቅኩት።