የውባንቺ ጥድ

አቶ ዘርይሁን ጃንጥላ መያዝ የማይወዱ ሰው ናቸው። አንድ ቅዳሜ ናይሮቢ፣ ላቪንግተን መንገድ ዳር ዝናቡ ሲይዛቸው ያቀፉትን ካርቶን በኮታቸው ሸፍነው ችግኝ ከሚሸጥበት አንድ የላስቲክ ዳስ ሥር ገቡ። እውነቱን ለመናገር ዝናቡ ባይመጣም መግባታቸው አይቀርም ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ በየችግኝ መሸጫው ሲዞሩ ነው የዋሉት።

«ወይ አምላኬ!» ሲሉ፣ ከችግኝ ማሰሮዎቹ መካከል ሻሽ ያሰረች ወጣት ቀና አለች።

«እንዴ፣ ሀበሻ ነዎት? ካሪቡ አባባ፣ ይግቡ፣ እዚህ ይቀመጡ።»

ሳፊያ ትባላለች። አባቷ ከሞያሌ የመጡ፣ ኢስሊ ሰፈር የታወቁ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። እሷ ግን እዚሁ ናይሮቢ ተወልዳ፣ እርሻ ተምራ፣ ዲግሪዋን ይዛ ችግኝ ሻጭ በመሆኗ ዘመድ አዝማድ እስካሁን ያዝንላታል።

አቶ ዘርይሁን ካርቶኑን ከፈቱ። በጠፍጣፋ ሸክላ የተተከለች፣ ቁመቷ ክንድ የማይሞላ፣ ግንዷ ግን የሽማግሌ ዛፍ የሚመስል ጥድ ወጣች። እየተከረከመ እንዲያጥር የሚደረግ ዛፍ፣ ቦንሳይ የሚሉት ነው።

«ልጄ፣ የዚህን መንታ ፈልጊልኝ። ግንዱም አዘነባበሉም ይህንኑ ይምሰል።»

«ይሄ እያለ ሌላ ለምን ፈለጉ?»

«ቀለሙ ደብዝዞብኛል። ልጄ ሚዛን በሚመጣው ሳምንት ለእናቷ ሙት ዓመት ከኢስታንቡል ትመጣለች። ዛፉ የእናቷ ነው። ታሞ እንድታየው አልፈልግም።»

ሳፊያ ፈቃድ ጠይቃ ግንዱን በጥፍሯ ጫር አደረገችው። ከቅርፊቱ ሥር ደረቅና ቡናማ ነበር።

«ፖሌ ሳና አባባ፣ በጣም አዝናለሁ። አልታመመም፣ ሞቷል። ከሞተም ቆይቷል።»

«አረንጓዴ ነው እኮ!»

«ጥድ እንዲህ ነው። ሥሩ ከሞተ በኋላም ቅጠሉ ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። የት ነበር የሚያስቀምጡት?»

«ሳሎን ነዋ፣ ከባለቤቴ ፎቶ አጠገብ። እሷ በረንዳ ላይ ፀሐይና ነፋስ ስታስመታው ነበር የኖረችው። ካረፈች በኋላ ግን አሳዘነኝና አስገባሁት። በየጠዋቱ አንድ ስኒ ውሃ አጠጣዋለሁ።»

«መስኮት አጠገብ ነው?»

«መስኮቱ መጋረጃ አለው። የሐዘን ቤት መጋረጃ ይከፈታል እንዴ?»

ሳፊያ እውነቱን ለመናገር ተቸገረች። ሰውየው ዛፉን የገደሉት ጠልተውት ሳይሆን ሳስተውለት መሆኑ ገብቷታል።

«አባባ፣ ጥድ የደጅ ዛፍ ነው፤ ሳሎን ገብቶ አይኖርም። በየቀኑ ጥቂት ውሃ ሲያገኝም ላዩ እየራሰ ታቹ ይደርቃል። ለቤት ውስጥ የሚሆነው እንደዚህ ያለው ነው» ብላ ወፍራም ቅጠል ያላት ትንሽ ዛፍ አነሳች። «ፋይከስ ይባላል፣ የዋርካና የሾላ ዘመድ ነው። ብርሃን ያለው መስኮት አጠገብ ያደርጉታል። ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ያስገባሉ፤ ላዩ ከደረቀ ውሃው ከሸክላው ሥር እስኪፈስ ያጠጡታል፤ ካልደረቀ ይተዉታል።»

«ዛፍን ዝናብና እግዚአብሔር ያሳድጉታል እንጂ ዩኒቨርሲቲ ምን አገባው?» አሉ አቶ ዘርይሁን። ቁጣቸው ግን በእሷ ላይ አልነበረም። «ለማንኛውም መንታውን ፈልጊልኝ። ልጅቷ እንዳታዝን ነው።»

«ብታውቅብዎስ?»

«ከዚህ የባሰ ደብቀን እናውቃለን» ሲሉ ያልታሰበ ነገር ከአፋቸው ወጣ። ከወጣ አይቀር ነገሯት።

ባለቤታቸው ውባንቺ ስታርፍ ሚዛን ኢስታንቡል ፈተና ላይ ነበረች። ቤተ ዘመዱ ኪሌሌሽዋ እሳቸው ቤት ተሰብስቦ «ትምህርቷን ትጨርስ፣ አሁን አይነገራት» አለ። «እናትሽ ጸበል ገብታለች፣ ስልክ አይፈቀድም» ተባለች። ልጅቷም በየማታው ወደ እናቷ ስልክ የድምፅ መልእክት ትልክ ነበር፤ ምን እንደበላች፣ ፈተናው እንዴት እንደሆነ፣ «እማዬ፣ ጥድሽ ደህና ናት?» እያለች። አቶ ዘርይሁን ስልኩን ይዘው ይሰሙ ነበር። ለዕረፍት ስትመጣ በማለዳ ተሰብስበው አረዷት። እንደጠበቁት አልጮኸችም። «መልእክቶቼን ማን ነበር የሚሰማው?» ብቻ አለች።

በእውነት ይህ ልማድ ከክፋት የመጣ አይደለም። ለሰው ከማዘን የመጣ ነው፤ ለዚህም ነው ማንም ተው የማይለው።

ሳፊያም፣ «እኛም ቤት አለ» አለች። «አያቴ ሞያሌ ሲሞቱ ለእኔ የተነገረኝ ኤግዛም ከጨረስኩ በኋላ ነው። አሁን አባቴ ደውሎ ‹ሁሉም ሰላም ነው› ሲለኝ አላምነውም። እውነቱን ሲናገርም አላምነውም። ለእናቴ እደውልና እጠይቃታለሁ። ሚዛን ግን ለማን ትደውላለች?»

አቶ ዘርይሁን የሚዛንን ስልኮች አስታወሱ። ልጃቸው ባለፉት ወራት በደወለች ቁጥር «ደህና ነህ አባዬ?» ብላ ትጠይቅና፣ «ደህና ነኝ» ሲሏት መልሳ «እውነትህን ነው?» ትላለች። የመጨቅጨቅ ጠባይ መስሏቸው ነበር። አሁን ገባቸው። ስልካቸውን አውጥተው ደወሉላት።

«ሚዛንዬ፣ የእናትሽ ዛፍ ሞተ።»

ሚዛን ከዚያ ማዶ ጠየቀች፦

«መቼ ነው የሞተው?»

«አላውቅም። አረንጓዴ ስለነበር በሕይወት ያለ መስሎኝ ሳጠጣው ከርሜያለሁ። ከበረንዳ አስገብቼ የገደልኩት እኔ ነኝ። መንታውን ገዝቼ ልተካልሽ ነበር። ያንን ልደብቅሽ ነበር። የእናትሽንም መደበቅ አልነበረብኝም፤ ልጄ፣ ይቅር በይኝ።»

ሚዛን አለቀሰች። የመርዶው ዕለት ያላለቀሰችውን ሁሉ ነበር በስልክ የምታለቅሰው፤ አቶ ዘርይሁንም «አይዞሽ» እንኳ ሳይሉ ሰሟት። ሲወጣላት እንዲህ አለች፦

«እንዳትጥለው አባዬ። እማዬን ሳልሰናበታት ቀርቻለሁ። እሱን እንኳ ልሰናበተው።»

ዝናቡ አባርቶ ነበር። አቶ ዘርይሁን ፋይከሱን ገዙ፤ ሳፊያም የአያያዙን ምክር ደግማ ነገረቻቸው። ሰው ቤቱን አይቶ ለቤቱ የሚስማማውን ዛፍ ቢመርጥ ዕድሜ ልክ አብሮት ይኖራል። እውነቱን በሰዓቱ የሚናገርም ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ‹ደህና ነኝ› ሲል ይታመናል፤ በርቀት ልጅ ላለው ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም። አቶ ዘርይሁን ይህን ከአንድ ዓመት በፊት ቢያውቁት ኖሮ ሚዛን እናቷን ትቀብር ነበር፣ ጥዱም በረንዳው ላይ ይኖር ነበር። ሁለቱም አልሆኑም።

ቤት እንደገቡ መጋረጃውን ከፈቱት። የውባንቺ ፎቶ አቧራ መልበሱን ያን ጊዜ ነው ያዩት፤ በእጅጌያቸው ጠረጉት። ፋይከሱን መስኮቱ ሥር አኖሩት። የሞተውን ጥድ ደግሞ ወደ በረንዳው አውጥተው ውባንቺ ታስቀምጠው ከነበረበት ቦታ መለሱት።